ዕጣቸው በወሎ የተቆረጠ ሚስዮናውያን

በ2007 የተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ በደቡብ ወሎ ዞን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ነዋሪ መዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 29 ያህሉ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። ከሁለቱ የተረፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከወረኢሉ ተነስቶ በለጋምቦና በከላላ አድርጎ እስከ ቦረና መካነ ሰላም የሚዘልቀው ደጋ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚተያዩበት፣ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ መሐመድም ገብረ ማርያምም የሚቆጠሩበት አገር ነው። የካቶሊክ ምእመን ግን በቆጠራው ሰንጠረዥ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚፈለግ ነው።

ታዲያ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበራትን ታሪክ ከዚህ ደጋ ላይ ቆሞ መዳሰስ ለምን? ስለ ካቶሊክ ሚስዮን ሲነሳ ሁሉም ሰው ዓይኑን ወደ ዓሊቴና፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ከፋ ወይም ወደ እምድብር ነው የሚያዞረው፤ ሕንጻውና ምእመኑ ያለው እዚያ ነውና። ነገር ግን የእነዚህን ማኅበራት የኢትዮጵያ ጉዞ ያጠመዘዙትን ክስተቶች አንድ በአንድ ስንከተል ዱካቸው ደጋግሞ ወደ ወሎ ይመራናል። አንዱ ሰማዕታቸው በሰንሰለት የሞተው በወሎ ምድር ነው። ከሸዋ የመባረራቸው ነገር በተቆረጠበት ሰሞን የጉባኤው ድንኳን የተተከለው በወሎ ሜዳ ነው። ከእነሱ ጋር ከአገር ወጥቶ የአማርኛን ስም በአውሮፓ ያስጠራው ሊቅም የዚሁ አገር፣ የጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ልጅ ነበር። ወሎ አልሰፈሩም፤ ዕጣቸው ግን ወሎ ላይ ወጣ።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ማንነታቸውን ባጭሩ እንለይ። «የካቶሊክ ሚስዮን» ሲባል አንድ ወጥ ሠራዊት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ማኅበራቱ እንደ ገዳማት ሥርዓታቸውም መሥራቻቸውም ጠባያቸውም ይለያያል። ኢየሱሳውያን በ1540 የጸደቀ፣ ትምህርትንና ቤተ መንግሥትን ዒላማው ያደረገ ማኅበር ነው። ካፑቺኖች ከፍራንሲስካውያን ዘር በ1528 የወጡ፣ ቡናማ ቀሚስና ቆብ የሚለብሱ፣ ጢማቸውን የሚያሳድጉ፣ ድህነትን አጥብቀው የያዙ ናቸው። ላዛሪስቶች ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል በ1625 ፓሪስ ላይ የመሠረተው ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ ተልእኳቸው የገጠር ድሆችን ማስተማርና ካህናትን ማሠልጠን ነው። ሦስቱም ኢትዮጵያ ገብተዋል። ሦስቱም ተባርረዋል። የተባረሩበት ምክንያት ግን አንድ አልነበረም፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

በኢየሱሳውያን ላይ ብዙ ስለተጻፈ ቶሎ እንለፍ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገባ፤ በትዕግሥቱና በቋንቋ ችሎታው የአፄ ሱስንዮስን ልብ አገኘ፤ በ1622 ሞተ። ተከትሎት የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የፓኤዝን ትዕግሥት አልወረሰም። ካህናትን እንደገና መካን፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንደገና መቀደስ፣ ሕዝቡ ከአባቶቹ የተቀበለውን ቅዳሜና ግዝረት መከልከል ፈለገ። ደጋው ሁሉ ነደደ፤ ላስታ በመልክዓ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወርዶ ዐባይን ለተሻገረ ሰው የዚያ ዘመን አሻራ ሩቅ አይደለም። በእነብሴ መርጡለ ማርያም ጥንት እቴጌ እሌኒ ያሠሯትን ቤተ ክርስቲያን ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ብሩኖ ብሩኒ በአዲስ መልክ አንጿታል፤ በቅርጽ የተዋቡት የድንጋይ ግድግዳዎች ፍራሽ ዛሬም ይታያል። ብሩኒ ሌሎች ሲወጡ አገር ውስጥ ተደብቆ ቀረ፤ በ1640 ተሰቀለ።

ከዚያ ማዕበል ጋር አገሩን ጥሎ የወጣው አባ ጎርጎርዮስ ግን ትንሽ ሊያቆየን ይገባል። የተወለደው በቤተ አምሐራ መካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ አፄ ናዖድ ጀምረዋት ልብነ ድንግል የፈጸሟት፣ በ1531 የግራኝ አሕመድ ጦር ያቃጠላት ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጎርጎርዮስ ከዚያ ቃጠሎ በኋላ በተረፈ የትምህርት ባህል ያደገ ሰው ነው። ኢየሱሳውያኑን ቀርቦ አገለገለ፤ ሲባረሩም ተከትሏቸው ወጣ፤ በመጨረሻ ሮም ውስጥ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተጠለለ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ግእዝ በመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ሊያነጋግረው መጣ። ከዚያ ግንኙነት የመጣውን ፍሬ የአማርኛ አንባቢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በ1652 ጎርጎርዮስ በጎታ መስፍን ተጋብዞ ጀርመን ሄደ፤ የአገሩን ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ ለሉዶልፍ ነገረው። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አውሮፓ አማርኛን የተማረችው በአብዛኛው ከአንድ የቤተ አምሐራ ሰው አፍ ነው ማለት ነው። ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ተሰብራ ባሕር በላው።

ኢየሱሳውያን ቤተ መንግሥቱን ይዘው አገሩን ሊለውጡ ሞክረው ምንም አላተረፉም። እነሱን ተጠግቶ የወጣው አንድ ሊቅ ግን ንጉሥም ጦርም ሳይኖረው ከሁሉም የሚልቅ ሥራ ጥሎ አለፈ። ይህ የማኅበራቱ ታሪክ ደጋግሞ የሚያሳየን ነገር ነው፤ ወደፊትም ይመጣል።

ከዚያ በኋላ በሩ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተዘጋ። ከገቡትም በሕይወት ያልወጡ ነበሩ። አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት ካፑቺኖች በ1638 ጎንደር ላይ ተሰቀሉ፤ ሊቤራቱስ ቫይስና ሁለት ጓደኞቹ በ1716 እዚያው ተወገሩ። ሕዝቡ ካቶሊክ ሲባል በሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰው ደም ይታየው ነበርና አይፈረድበትም።

በሩን ቀስ ብሎ የከፈተው ላዛሪስቱ ዮስጢኖስ ዴ ያኮቢስ፣ የእኛ ሰዎች «አቡነ ያዕቆብ» የሚሉት፣ ነው። ደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ በ1800 የተወለደ፣ በ1839 ትግራይ የገባ ሰው ነው። ከሜንዴዝ ስሕተት የተማረ ይመስላል። እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሶ፣ እንደ አገሩ ጾሞ፣ በግእዙ ሥርዓት ጸንቶ ኖረ። ዛሬ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግእዝ የምትቀድሰው ከዚያ ጊዜ በተጣለ መሠረት ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ያገኘው አንድ ሰው ነው እላለሁ፤ ከዚህ ላይ ወደ ወሎ እንመለሳለን።

ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ ጎጃም ዲቦ፣ መርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለደ፤ ማለትም ከቦረናና ከአማራ ሳይንት ትይዩ፣ ዐባይ ማዶ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። መርጡለ ማርያም መንኩሶ ሊቅ ሆነ። ዘመኑ በክርስቶስ ልደትና ቅባት ክርክር ሃይማኖት የተከፋፈለበት ነው፦ ካሮች፣ ቅባቶች፣ ጸጎች። ጎጃም በብዛት ቅባት፣ ሸዋና ደብረ ሊባኖስ ጸጋ (ሦስት ልደት)። ይህ ክርክር ዛሬ ለብዙ ሰው የደብተራ ሽንገላ ይመስለዋል፤ በዚያ ጊዜ ግን ሹመት የሚሰጥና የሚነሣ፣ ሰው የሚያስገድል ጉዳይ ነበር። ገብረ ሚካኤል እውነቱን ፍለጋ ከገዳም ገዳም ተንከራተተ፤ ጎንደር ወጥቶ ተማረ፣ አስተማረ።

በ1841 የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኛ ሲልክ ገብረ ሚካኤል ከተላኩት አንዱ ነበር፤ ዴ ያኮቢስም አብሮ ሄደ። ከካይሮ የመጣው ጳጳስ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ናቸው። ገብረ ሚካኤል ግን ጉዞውን ከዴ ያኮቢስ ጋር እስከ ሮም ቀጥሎ ጳጳሱን ጎርጎርዮስ 16ኛን አየ። ተመልሶ ብዙ አመነታ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጓላ በተከፈተው ዘርአ ክህነት ያስተምር፣ ትምህርተ ክርስቶስ ለማዘጋጀት ይረዳ ነበር። በ1851 መጀመሪያ፣ በስድሳ ዓመቱ፣ ዴ ያኮቢስ ዓሊቴና ላይ ቅስና ሰጠው።

ከዚያ ነፋሱ ተለወጠ። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ለመንገሥ የአቡነ ሰላማ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ አቡነ ሰላማም ላዛሪስቶቹ እንዲወጡ ይሹ ነበር። ስምምነቱ ሁለቱንም የሚጠቅም ሆነ። በ1854 ክረምት ዴ ያኮቢስና ገብረ ሚካኤል ጎንደር ላይ ተያዙ። ባዕዱ ተባረረ፤ ያገሩ ልጅ በግንድ ተጠረቀ፣ ተገረፈ። ግንቦት 1855 የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ባለበት በንጉሡ ፊት ቀርቦ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲጠየቅ እምቢ አለ። ሞት ተፈረደበት፤ ሲማለዱለት ፍርዱ በእስር ተለወጠ። ያ ምሕረት ከሞቱ የከፋ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ቴዎድሮስ ወደ ወሎ ሲዘምቱ እስረኛው በሰንሰለት ከሠራዊቱ ጋር ይጎተት ነበርና። በስድሳ አራት ዓመቱ፣ በዝናብ፣ በረሃብና በድካም። በነሐሴ 28 ቀን 1855 አውሮፓውያን ጨረቻ ገባባ ብለው በሚጽፉት የወሎ ስፍራ ሞተ። ቴዎድሮስ መቅደላን የያዙት ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው።

ስለ ገብረ ሚካኤል ሲጻፍ ቴዎድሮስን አውሬ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ ገብረ ሚካኤልን የባዕድ መሣሪያ አድርጎ ማለፍ እንዲሁ ቀላል ነው። ሁለቱም አይጠቅመንም። ንጉሡ ያዩት አገር ከማስተባበር ጋር የተያያዘ የሃይማኖት አንድነት ነው፤ መነኩሴው ያየው ደግሞ ጎጃምና ጎንደር ያልመለሱለትን ጥያቄ ነው። ሮም ሄዶም ጥያቄው የኢትዮጵያ ጥያቄ ነበር። ላዛሪስቶች ወደ ማኅበራቸው በሥርዓት ሳይገባ ቢሞትም ከእነሱ እንደ አንዱ ይቆጥሩታል፤ በ1926 ጳጳሱ ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው አወጁለት። ዴ ያኮቢስ በ1860 ሞቶ ሄቦ ተቀበረ፤ በ1975 ቅዱስ ተባለ። የዴ ያኮቢስን ሕይወት ዓይቶ የጻፈለት ደግሞ ያው የአገሩ ልጅ አባ ተክለ ሃይማኖት ዘአድዋ ነው።

አሁን ወደ ካፑቺኖች እንሂድ፤ እዚህ ላይ ወረኢሉ በግልጽ ትገባለች። ሮም በ1846 የኦሮሞ ሕዝብ የሚኖርበትን አገር ለብቻ ለይታ ለካፑቺን ማኅበር ሰጠች፤ ሐሳቡን ያቀረበው አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ነው። የተሾመው ጉሌልሞ ማሳያ፣ «አቡነ ማስያስ»፣ በ1809 ሰሜን ጣሊያን የተወለደ ሰው ነው። ጉድሩ አሰንዳቦ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀበት፤ በ1852 ገባ። ከዚያ ከፋ ወረደ፤ በ1861 ተባረረ። በ1863 በመንገዱ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ወድቆ ከንጉሡ ጋር ተነጋግሮ ተለቀቀ። ገብረ ሚካኤልን ያልለቀቁት ንጉሥ ይህን ጳጳስ ለቀቁት፤ ከዚህ የምረዳው ቴዎድሮስ የሚያስቆጣቸው የባዕድ ሃይማኖት ሳይሆን ያገሩ ልጅ የንጉሡን ሃይማኖት መካዱ እንደነበር ነው።

የኦሮሞ ሚስዮን ተብሎ የተቋቋመው ማኅበር ኦሮምኛም እስልምናም ሥር የሰደደበትን ወሎን ለምን ዘለለው? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የማመዶች ሥርወ መንግሥት በወረ ሂመኖ፣ ሼኾቹ በየዛዊያው፣ መንዙማው በየመንደሩ ቦታውን ሞልተውት ነበር። ከአልቡኮ ጀማ ንጉሥ የሚነሡ ዓሊሞች አገሩን በትምህርት አስረውታል። በሌላ ወገን እንደ ተድባበ ማርያም ያሉ አድባራት ቆመዋል። ሁለት ሥር የሰደዱ ሃይማኖቶች በተቃቀፉበት አገር ሦስተኛ መጥቶ ማረፊያ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው። ሌላው ምክንያት ጦርነቱ ነው። ከ1855 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ወሎ የነገሥታት መተላለፊያ ሆነ፤ ቴዎድሮስ ይመጣሉ፣ ሁለቱ የወሎ ሴት ገዢዎች ወርቂትና መስተዋት ይሻኮታሉ፣ ምኒልክ ይወጣሉ። ሚስዮን ቤት ሠርቶ ዛፍ ተክሎ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረም።

ማስያስ በ1868 ልቼ ገብቶ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኘ። ምኒልክ በዚያው ዘመን ወረኢሉን የወሎ ዘመቻቸው ጠርዝ አድርገው ቆረቆሯት፤ ከልቼ ወረኢሉ፣ ከወረኢሉ ልቼ ይመላለሱ ነበር። ማስያስን ወደዱት፤ ርስት ሰጡት፣ ምክር ጠየቁት። ፊንፊኔ ብርብርሳ ላይ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የካፑቺኖች ሰፈር ተተከለ፤ ቶረን ካሃኝ የተባለው ፈረንሳዊ እዚያ ተቀመጠ። ማስያስ ወንጌልን ከመስበኩ በላይ ሕዝቡ ዘንድ የታወቀው ፈንጣጣን በመከተቡ ነው፤ የፈንጣጣ አባት ተብሎ እስከ መጠራት ደርሷል። በ1867 ፓሪስ ያሳተመው ሰዋስውም አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን የቀረቡበት ነው።

ከዚያ 1878 መጣ። አፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ገቡ፤ ምኒልክ መጋቢት ላይ ልቼ ገበሩ። በስምምነቱ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተዉ፤ የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ከአገር ማስወጣትም ከውሉ ተካተተ። በግንቦት ሁለቱም ነገሥታት ወሎ ቦሩ ሜዳ ተገናኙ። ከደሴ አጠገብ ያለው ያ ሜዳ ላይ ሦስት ነገር ተፈጸመ። የሸዋ የሦስት ልደት ሊቃውንት ተከራክረው ተረቱ፤ የተዋሕዶ ሃይማኖት ብቻ የአገር ሃይማኖት ሆነ። የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እምቢ ካሉት አንዱ፣ ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር፣ ለዓመታት ተዋጋ። ከሁሉም በኋላ፣ የማስያስ ከሸዋ መውጣት የጊዜ ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ገብረ ሚካኤልን ከገዳም ገዳም ያንከራተተው የልደትና የቅባት ክርክር በመጨረሻ የተዘጋው እሱ በሰንሰለት በሞተበት በዚያው በወሎ ነው። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ሰሜኑና ሸዋ የሚገናኙት ወሎ ላይ ስለሆነ የአገሩ የሃይማኖት ሒሳብ የሚዘጋውም እዚያ ነበር። የካቶሊክ ማኅበራት የዚህ ሒሳብ ዋና ዕዳ አልነበሩም። ዋናው ጉዳይ የወሎ እስልምናና የሸዋ ጸጋ ነበር፤ ካቶሊኮቹ በግርጌ ተጻፉ። የሚስዮናውያኑ ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ ራሳቸውን ማእከላዊ ገጸ ባሕርይ ያደርጋሉ፤ እኔ አልስማማም።

ማስያስ በ1879 ወደ ደብረ ታቦር ተጠርቶ፣ ዮሐንስ ፊት ቀርቦ፣ በሱዳን በኩል ተባረረ። ዕድሜው ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። ሮም ደርሶ የሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታውን በ12 ቅጽ ጻፈ፤ የመጀመሪያው በ1885 ወጣ። በ1884 ካርዲናል ሆኖ በ1889 ሞተ፤ በ2016 ቤተ ክርስቲያኑ «ክቡር» ብላዋለች። ለዚያ ዘመን ታሪክ መጽሐፉን የሚተካ የለም፤ ሆኖም አንባቢው ልብ ይበል፦ ከአብዛኛው ነገር ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ማስታወሻዎቹ ጠፍተውበት፣ ከልቡ የጻፈው ነው። ቀንና ንግግር ከእሱ ብቻ የወሰደ ጸሐፊ ይሳሳታል።

ካሃኝና ባልደረቦቹ ከሸዋ እንደወጡ ሐረር ሄዱ። የካፑቺኖች ሁለተኛ ዘመን እዚያ ነው፤ እንድርያስ ዣሮሶ የራስ ተፈሪ መምህር ሆኑ፤ በ1901 የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ተቋቋመ። ይህ ሁሉ ከወሎ ስለሚርቅ ለሌላ ዳሰሳ ይቆይ። ነገር ግን ወረኢሉ ከማስያስ መባረር 16 ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ አገኘች። በ1895 ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸውን ከትተው የጠበቁት በዚሁ ወረኢሉ ነው። ማስያስ ከጣሊያን ጋር ያቀራረባቸው ንጉሥ፣ የጣሊያንን ጦር ለመመለስ ከዚህ ተነሡ።

የጣሊያን ነገር ከተነሣ ሳይጠየቅ ማለፍ አይገባም። ጳጳሱ ፒዮስ 11ኛ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ ካሉ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1935 የፋሺስት ጦር ወረረን። የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር ጥቅምት 28 ቀን ካቴድራላቸው ውስጥ ወረራውን አሞገሱ። ታኅሣሥ 6 ቀን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የተመታው ከተማ ውስጥ ሆስፒታልም ነበር። በ1937 ደሴን ማእከሉ ያደረገ የካቶሊክ ሐዋርያዊ ግዛት ተቋቋመ፤ ሕዝቡ ጠርቶት ሳይሆን ወራሪው መንገድ ስለከፈተ። ጣሊያኖች ከ1937 እስከ 1938 ባሉት ዓመታት ለኢትዮጵያ ቅርብ የነበሩትን ፈረንሳውያን ካህናት አስወጡ፤ ዣሮሶም ከሐረር ተባረሩ። በ1939 የማስያስን ታሪክ ፊልም አድርገው ቬኒስ ላይ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመ ሽልማት ሰጡት። ፈንጣጣ ሲከትብ የኖረ ሽማግሌ የወረራ ማስታወቂያ ሆነ። የደሴው ግዛት ወራሪው ሲወጣ ፈረሰ፤ በሕጋዊ መዝገብ ላይ እስከ 1951 ቢቆይም። በቤተ አምሐራ ምድር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ኪሳራ ይህ ይመስለኛል፤ በወሎ ሕዝብ ልብ ውስጥ የመስቀሉን ምልክት ከጦሩ ምልክት ጋር አስተሳስሮታልና። ኢየሱሳውያን የከፈሉትን ዋጋ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደገና ከፈለች።

ነገሩ የተለወጠው ረሃብ ሲመጣ ነው። በ1973 ወሎ ስትራብ መንግሥት ነገሩን ለመደበቅ ሲሞክር፣ በአገሩ የነበሩ የተለያዩ ቤተ እምነቶች ሚስዮናውያን የክርስቲያን የእርዳታ ኮሚቴ ብለው ተሰባሰቡ፤ ኋላ ሲአርዲኤ በሚል ስም የታወቀው ድርጅት ከዚያ ወጣ። በዚያው ዓመት ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ ድርጅት ወሎ ገባ። ድርጅቱ የካቶሊክ ማኅበር አይደለም፤ ነገር ግን ስፒሪታን ተብለው በሚጠሩት የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካህናት፣ በተለይ በወንድማማቾቹ በኤንገስና በጃክ ፊኑኬን፣ ጉልበት ቆሟል። ጃክ ፊኑኬን በ1984 ረሃብ ጊዜ የኢትዮጵያውን ሥራ መርቷል። ያን ጊዜ ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ፣ የካቶሊክ ጽሕፈት ቤት፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት በአንድ ግንባር እህል አመላለሱ። ሱስንዮስንና ፋሲለደስን ያስተዋለ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም፦ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ለሙስሊሙ ገበሬ አንድ ላይ ስንዴ ሲጭኑ።

ይህ ደጋ በልግ ሲጠፋ እንዴት እንደሚሆን የቦረናና የለጋምቦ ሰው ያውቃል። የበልጉ ገብስ ካልተገኘ በሬ ይሸጣል፤ በሬ ከተሸጠ ክረምቱ ሳይታረስ ያልፋል። የእርዳታ ሥራ ላይ የነበሩ የማኅበራት ሰዎች ኋላ ከእህል ማደል ወደ ውኃ፣ ወደ አፈር ጥበቃ፣ ወደ ጤና ያዘነበሉት ይህን ስላዩ ነው። እርዳታው የራሱ ጥፋትም አለው። ገበሬውን እጁን ዘርግቶ እንዲጠብቅ ያስለመደ ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ማንም ሰው ሃይማኖቱን ለውጦ እህል እንዲወስድ ያልተጠየቀበት ሥራ ስለሆነ በወሎ መንፈስ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። ሜንዴዝ በሕግ፣ ፋሺስት በቦምብ ያላገኙትን መልካም ስም ስንዴና የውኃ ጉድጓድ አገኙት።

በ2015 ጥር ላይ ጳጳሱ ፍራንሲስ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከትን መሠረቱ፤ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ጳጳሱ ሆኑ። በዚያው ዓመት አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ካርዲናል ተባሉ፤ እሳቸው ላዛሪስት ናቸው፤ ከገብረ ሚካኤል ማኅበር። በአገር ደረጃ የካቶሊክ ምእመን በ2007 ቆጠራ ከመቶ 0.7 ብቻ ነበር። ትንሽ ቁጥር ነው፤ በትምህርት ቤትና በክሊኒክ ሲለካ ግን ከቁጥሩ በላይ የሚሠራ ነው። ዛሬ የማኅበራቱ አባላት በብዛት ኢትዮጵያውያን ናቸው። «የባዕድ ሃይማኖት» የሚለው አባባል በወሬ እንጂ በመዝገብ አይገኝም፤ ግን አንድ ሰው አባቱ የተባረረበትን ቤት ሲገባ እንደሚጠነቀቀው እነሱም ወሎ ላይ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ትክክል ነው፤ በዚህ አገር የቸኮለ ሚስዮናዊ እንዴት እንደጠፋ ታሪኩ ያስተምራል።

የእነዚህን ማኅበራት ታሪክ የጻፉት እስካሁን በአብዛኛው ራሳቸው ወይም አውሮፓውያን ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ከመካነ ሥላሴ፣ ገብረ ሚካኤል ከመርጡለ ማርያም፣ ቦሩ ሜዳ ከደሴ አጠገብ፣ ወረኢሉ ከልቼ በስተሰሜን። ሁሉም የአገሩ ልጆችና ስፍራዎች ሆነው ሳለ ጉዳዩ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ መዝገብ ተቆልፎ ቀርቷል። ገብረ ሚካኤል የሞተበት ስፍራ ስም ራሱ የሚነበበው በአውሮፓ ፊደል ተጣምሞ ነው። ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የታሪክ ክፍሎቻቸው ተማሪ ልከው በ1855 ዘመቻ መንገድ ላይ ያሉትን መንደሮች ስም ከማስያስና ከላዛሪስት መዝገቦች ጋር ያመሳክሩ፤ የሼኾችንና የቀሳውስትን ቃል ያሰባስቡ። አረጋውያኑ እያለቁ ነውና ሥራው ዘንድሮ ቢጀመር ይበጃል።